የአንጀት ካንሰር ዳሌ ላይ ተገኘ ላልሽው

እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። ትልቁ አንጀቷ ላይ ካንሰር ተገኝቶ ኦፕራሲዮን ሆና እንደነበር፣ አሁን ደግሞ ጉበቷ ንጹህ ሆኖ ሳለ የዳሌ አጥንቷ ላይ ወጣ እንደተባላችሁ ጽፈሻል። ሌላ ካንሰር ነው ወይስ መጀመሪያውኑ ተሳስተዋል ብለሽ ነው የጠየቅሽው። አባቴ በዚሁ መንገድ ስላለፈ የማውቀውን ልንገርሽ።

የአንጀት ካንሰር ወደ ጉበት ነው የሚሄደው ሲባል ሰምተሻል። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፤ ከትልቁ አንጀት የሚመለሰው ደም መጀመሪያ የሚያልፈው በጉበት ነዋ። ከፊንጢጣ አካባቢ የሚነሳው ደም ግን በከፊል ጉበትን ሳይነካ ወደ ልብና ወደ ሳንባ የሚያደርሰው መስመር አለው። ሳንባና የሆድ ዕቃ ሽፋንም የተለመዱ ናቸው። አጥንት፣ አንጎል፣ ታይሮይድ፣ ቆዳ ወይም እምብርት ላይ ሲወጣ ነው ብርቅ የሚሆነው። ብርቅ ነው እንጂ አይሆንም አይባልም። ስለዚህ ዳሌ ላይ መገኘቱ ብቻውን የሐኪም ስህተት አያሳይም።

አባቴ ዳሌውን ሲያመው "ብርድ ነው" ይል ነበር። የአባቶቻችን ነገር፣ ሁሉም ብርድ ነው! ሕመሙ ግን ሌሊት ይብሳል፣ ጋደም ሲልም አይለቀውም። ራጅ ተነሳ፤ ምንም የለም ተባለ። ራጅ ላይ እንዲታይ አጥንቱ በደንብ መጎዳት አለበት። ጉዱን ያወጣው ኤምአርአይ ነው። ጎረቤት ደግሞ ወጌሻ ካላመጣን ብሎ አስቸግሮን ነበር። አደራሽን፣ ማንም እንዳያሻት። ካንሰር የገባበት አጥንት ስስ ነው፣ ሊሰበር ይችላል። እግሯ ከደከመ ወይም ሽንት እምቢ ካላት ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ውሰጃት። አከርካሪዋ ውስጥ ያለው ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ይችላል።

ሌላ ካንሰር ነው ወይ ለሚለው መልሱ ያለው ናሙናው ላይ ነው። የአባቴን ከአጥንቱ ወሰዱና ከድሮው ጋር አስተያዩት። ሲኬ 20 እና ሲዲኤክስ 2 የሚባሉ ምርመራዎች አሉ፤ መነሻው አንጀት መሆኑን የሚጠቁሙት እነሱ ናቸው። አንድ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ አጥንት ላይ ቢሆንም የተሰጠው የአንጀት ካንሰር ኬሞ ነው። የእናትሽ የድሮ ናሙና በሰም ተቀብሮ ፓቶሎጂ ክፍል (ናሙና የሚመረመርበት ክፍል) ተቀምጦ ይሆናልና አስፈልጊ። ኬራስ፣ ቢራፍ እና ኤምኤስአይ የሚባሉት ምርመራዎች ከእሱም ሊሠሩ ይችላሉ። የትኛው መድኃኒት እንደሚሆናት የሚለየው በነሱ ነው።

ለሕመሙ ጨረር ጠይቂ። ለአባቴ 8 ግሬይ (የጨረር መጠን የሚለካበት ነው) አንድ ጊዜ ብቻ ተሰጠው። መጀመሪያ ብሶበት ነበር፣ ቆይቶ ግን እንቅልፍ መተኛት ቻለ። ሞርፊን ከታዘዘላት አትፍሪ፤ የሆድ ድርቀት መድኃኒት አብሮ እንዲጻፍላት ግን አስታውሺ። አንጀቱ ለተቆረጠ ሰው ድርቀት ቀላል ነገር አይደለም።