መልስ፦ የአባትህን ኮምፒውተር ገና አትሰካው
ወንድሜ፣ ደብረ ብርሃን ቤታችሁ የተገኘውን የአባትህን 486 (የድሮ ዓይነት) ኮምፒውተርና አንድ ካርቶን ፍሎፒ (የድሮ ፋይል ማስቀመጫ ዲስክ) «ሰክቼ ልሞክረው ወይ?» ብለህ ነበር። ኧረ ተው! መጀመሪያ ክፈተው። ማዘርቦርዱ (ዋናው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ላይ በርሜል የምትመስል ትንሽ ባትሪ ካለች ቆርጠህ አውጣት። እሷ ስታረጅ ታፈስና የመዳብ መስመሮቹን ትበላለች። አረንጓዴ ዝገት ካየህ በትንሽ ኮምጣጤ አጽዳው፣ ከዚያ በአልኮል ጥረገው።

ፍሎፒዎቹን ከዚያ ብርድ አውጥተህ ወዲያው ድራይቭ (ዲስኩን የሚያነበው ክፍል) ውስጥ እንዳትከት። ላብ ያወጣሉ። ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ጥቂት ሰዓት ይቆዩ። ከዚያ የብረት መዝጊያዋን በጣትህ ገፋ አድርገህ ጥቁሩን ዲስክ በባትሪ መብራት እያየህ አሽከርክረው። ነጭ ነጠብጣብ ካለ ሻጋታ ነው፣ አታስገባው። የአንዱ ሻጋታ የድራይቩን ራስ ያቆሽሽና ቀጣዮቹን ይፍቃቸዋል። እኔ በዚህ ሦስት ዲስክ አበላሽቻለሁ፣ አሁንም ያንገበግበኛል።

የዲስኩ ጥግ ላይ ያለችውን፣ ተንሸራታች መዝጊያ ያላትን ቀዳዳ ክፍት አድርጋት፤ ያኔ ኮምፒውተሩ ምንም ሊጽፍበት አይችልም። ለ1.44 ሜጋባይቶቹ የዩኤስቢ ፍሎፒ ድራይቭ ይበቃሃል። ፋይል በፋይል ከመገልበጥ ግን የዲስኩን ሙሉ ኢሜጅ (በአንድ ፋይል የሚቀመጥ ሙሉ ቅጂ) ውሰድ። ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሥርዓት) ካለህ ዲዲ (dd) የተባለው የመገልበጫ ፕሮግራም፣ ለተጎዱት ደግሞ ዲዲሬስኪው (ddrescue) ይሠራል። የአባትህ የእጅ ጽሑፍ ያለበትን ልጣፍም ፎቶ አንሳው።

የአማርኛ ፋይል ከፍተህ ዝብርቅርቅ ምልክት ቢመጣ አትደንግጥ። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ለፊደላት የሚጠቀሙበት የጋራ ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ሶፍትዌሩ ሁሉ ለፊደሎቹ የየራሱ ኮድ ነበረው። ስለዚህ ፎንቱ (የፊደሎቹን ቅርጽ የያዘው ፋይል) ያለበትን ዲስክ ከሁሉም አስቀድመህ ፈልግ።