መልስ፦ ዲኤስቲቪ ቤቴ ለምን ሰው ራቀው?

ኳስ ሰልችቶት አይደለም ወንድሜ። ሰው የተወው ሙሉ 90 ደቂቃ ቁጭ ብሎ ማየትን ነው። ባሕር ዳር፣ ፔዳ (የዩኒቨርሲቲው ግቢ) አካባቢ ያለው ቤትህ ትልቅ ስክሪን ገዝተህለትም ወንበሩ ያልሞላው ለዚህ ነው። ጎል በገባ በደቂቃዎች ውስጥ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። ተማሪው ዶርሙ ውስጥ ጋደም ብሎ ያየዋል።

ጨዋታውም በዝቷል። ሻምፒዮንስ ሊግ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በ36 ቡድን ነው፤ የጨዋታው ብዛት ከ125 ወደ 189 ወጣ። ሁሌ ኳስ ካለ ብርቅ የሚሆን ጨዋታ የለም።

ሰዓቱም አለ። አውሮፓ በክረምቷ ሰዓቷን ስትቀይር አብዛኛው የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ እኛ ጋ ከምሽቱ 5 ሰዓት ይጀምራል። ሲያልቅ ወደ ቀበሌ 14 የሚወስድ ባጃጅ ከየት ይገኛል?

ስለዚህ፦

1. የሥራ ቀን ምሽቱን ቀንስ፤ ጉልበትህን የቅዳሜና እሁድ ጨዋታ ላይ አውለው።

2. የአርሰናልን ደጋፊ በአንድ በኩል፣ የማንቼን በሌላ በኩል አስቀምጥ። ስልክ የማይሰጠው ጩኸቱንና ክርክሩን ነው። እኔ ራሴ ከቤት የምወጣው ለሱ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ወጪ ለመቀነስ ብለህ በኢንተርኔት ሊንክ እንዳታሳይ። ሰፈራችን ያለ አንድ ቤት ሞክሮት አይቻለሁ። በዲኤስቲቪ የሚያሳየው ጎረቤቱ «ጎል!» ብሎ ሲያቀልጠው፣ እዚህ ኳሷ ገና መሀል ሜዳ ላይ ነበረች። ደንበኛው ከእረፍት በፊት ተነስቶ ጎረቤት ገባ።