«ኪራይ ሰብሳቢ» የተባልሁት እኔ ነኝን?

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ብዙ በማይርቅ ሰፈር እኖራለሁ። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ልጆቼን ያሳደግሁት በግቢዬ ውስጥ ከሠራኋቸው ሦስት ክፍሎች በማገኘው ኪራይ ነው። በቅርቡ ከተከራዮቼ አንዱ፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪ የሆነ ልጅ፣ የእንግሊዝኛ መጽሐፉን እያሳየኝ «ሬንት ሲኪንግ ማለት ኪራይ ሰብሳቢነት ነው፤ አገር የሚጎዳ ነገር ነው» አለኝ። በክፋት እንዳልተናገረ አውቃለሁ፤ ቃሉ ግን በሬዲዮ በሰማሁት ቁጥር ሲከነክነኝ የኖረ ነው። ለመሆኑ ትርጉሙ ምንድን ነው? በየወሩ ኪራይ የምሰበስብ እኔስ ከዚህ ውስጥ እገባለሁ?
አከራይዋ እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ አይገቡም። ቅሬታዎ ግን ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ያሳዘነዎት ነገር የመጣው ከሥራዎ ሳይሆን ከትርጉሙ ነው።

«ሬንት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በዕለት ተዕለት ንግግር ለቤት ወይም ለመኪና የሚከፈለውን ኪራይ ያመለክታል። በምጣኔ ሀብት መጻሕፍት ውስጥ ግን ከዚህ የተለየ ትርጉም አለው፤ ይህን ትርጉም አጥርተው ካስቀመጡት መካከል ዋነኛው እ.ኤ.አ. በ1817 መጽሐፉን ያሳተመው እንግሊዛዊው ዴቪድ ሪካርዶ ነው። ሐሳቡን ለመረዳት ከጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከፎገራ ሜዳ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ሁለት ገበሬዎች በእኩል በሬ፣ በእኩል ዘርና በእኩል ድካም ያርሳሉ እንበል። አንደኛው ክረምቱ ከወጣ በኋላ እንኳ እርጥበት በማይለየው ሜዳ ላይ ሩዝ ያመርታል፤ ሩዙን ካነሣ በኋላም በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል። ሌላው ድንጋይ በበዛበት ተዳፋት ላይ ያርሳል፣ የሚያገኘውም ወጪውንና ድካሙን ከመሸፈን አያልፍም። ገበያው ለሁለቱም እህል የሚከፍለው ዋጋ አንድ ነው። እንግዲህ ባለ ሜዳው ከባለ ተዳፋቱ አስበልጦ የሚያገኘው ገቢ የጉልበቱም የብልሃቱም ውጤት ሳይሆን የመሬቱ ነው፤ ሬንት የተባለውም ይህ ብልጫ ነው። ሪካርዶ ከዚህ በመነሣት እህል የሚወደደው ለመሬቱ ሬንት ስለሚከፈል እንዳልሆነ፣ ይልቁንም ሬንት የሚከፈለው እህል ስለተወደደ መሆኑን አስረድቷል። ከእርሱ በኋላ የመጡት ምሁራን ትርጉሙን አስፍተው፣ አንድን ነገር በያዘው ሥራ ላይ ለማቆየት ከሚበቃው በላይ የሚከፈለውን ማንኛውንም ገቢ በዚህ ስም ጠሩት።

የእርስዎን ወርኃዊ ኪራይ በዚህ ሚዛን ብንመረምረው አብዛኛው ሬንት አይደለም። ለብሎኬቱ፣ ለቆርቆሮውና ለሊሾው ያወጡት ገንዘብ ተመላሽ በውስጡ አለ፤ ጣሪያ ሲያፈስ ማስጠገን፣ ውኃ ሲጠፋ በርሜል መሙላት፣ ግቢ መጥረግ፣ ገንዘቡ ያልደረሰለትን ተማሪ መታገሥም በውስጡ አለ። ሆኖም እውነቱን ልሸሽግዎ አልፈልግም። ያው ክፍል በዚያው ቆርቆሮ ከከተማው ዳር ቢሠራ ኖሮ በዚህ ዋጋ አይከራይም ነበር፤ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ቅርበት የተነሣ የሚጨመረው ገንዘብ በሪካርዶ ትርጉም ሬንት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ስለደነገገ፣ በአገራችን የቦታ ብልጫ በቤት ዋጋና በቤት ኪራይ ውስጥ ገብቶ ይታያል። ይህ ብልጫ በእጅዎ መግባቱ ግን ማንንም አይበድልም፤ ዩኒቨርሲቲውን ከጎረቤትዎ ያመጡት እርስዎ አይደሉም፣ ለማንምም መንገድ አልዘጉም።

«ሲኪንግ» የሚለው ቃል ሲጨመር ነገሩ ይለወጣል። አሜሪካዊው ጎርደን ተሎክ እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ጽሑፍ ሌብነትን በምሳሌነት አንሥቶ ነበር። ሌባው የወሰደው ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ እንጂ ከአገር አልጠፋም፤ የጠፋው ሌባው ለመስረቂያ፣ ባለቤቱም ለቁልፍና ለዘበኛ ያዋሉት ሀብትና ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ አን ክሩገር የህንድንና የቱርክን የአስመጪነት ፈቃድ መርምረው፣ ፈቃዱን ለማግኘት የሚደረገውን ሽሚያ «ሬንት ሲኪንግ» ብለው ሰየሙት፤ በቱርክ ከአስመጪነት ፈቃድ ብቻ ይገኝ የነበረው ሬንት እ.ኤ.አ. በ1968 ከጠቅላላ ብሔራዊ ምርቱ 15 በመቶ ያህል እንደነበረም ገመቱ።

ወደ ሐይቃችን እንመልሰው። በጣና ላይ ዓሣ እንዲያሰግሩ ለአሥር ጀልባዎች ብቻ ፈቃድ ይሰጣል፣ እያንዳንዱ ፈቃድም ከወጪና ከድካም ዋጋ በላይ በዓመት 50,000 ብር ያስገኛል እንበል። የአሥሩ ብልጫ በድምሩ 500,000 ብር ነው። ይህን የሰሙ ሰዎች መረባቸውን ትተው ደጅ ይጠናሉ፣ ለደላላ ይከፍላሉ፣ ባለሥልጣን የሚያውቅ ዘመድ ፍለጋ ይመላለሳሉ። የሁሉም ወጪና የባከነ ጊዜ ቢደመር ከ500,000 ብሩ ሊስተካከል ይችላል፤ በዚህ ሁሉ ግን ከሐይቁ አንዲት ተጨማሪ ቆሮሶ አልወጣችም። ጉዳቱ ይህ ነው። ከዚህም አብዛኛው ጉቦ ሳይኖርበት፣ ሕግን ሳይጥስ ሊፈጸም ይችላል። እርስዎም ከዚህ የሚገቡት ከሌሎች አከራዮች ጋር ተባብረው በሰፈሩ አዲስ ቤት እንዳይሠራ የሚከለክል መመሪያ እንዲወጣ ደጅ ቢጠኑ ብቻ ነው።

አሁን ወደ አማርኛው እንምጣ። ቃሉ በአገራችን የተስፋፋው በ1990ዎቹ ዓመታት፣ የኢሕአዴግ ሰነዶች «ልማታዊ» ለሚሉት ተቃራኒ አድርገው ሲጠቀሙበት ነው፤ ውሎ አድሮም ለሙስና ሁሉ ስም፣ ለሰውም ስድብ ሆነ። በእኔ አስተያየት ስሕተቱ በሁለቱም ቃላት ላይ ነው። «ሬንት» ሰው ሁሉ ለቤት በሚያውቀው «ኪራይ» ስለተተረጎመ ነውሩ በአከራይ ላይ አረፈ። «ሲኪንግ» ደግሞ መሻት፣ ማሳደድ ማለት ሆኖ ሳለ «ሰብሳቢነት» ተባለ፤ ሰብሳቢ የተሰጠውን የሚቀበል ነው፣ አገርን የሚጎዳው ግን ማሳደዱ ነው። እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያውን «ብልጫ ገቢ»፣ ሁለተኛውን «ልዩ ጥቅም አሳዳጅነት» ብዬ እጽፍ ነበር። የለመደውን ቃል መተው የማይችል ጸሐፊም ቢሆን የቤት ኪራይ ማለቱ እንዳልሆነ በመጀመሪያው መስመር ላይ ሊያስረዳ ይገባዋል።

ተማሪውም መጽሐፉን ይዞ ሲመጣ፣ «ሲኪንግ» የሚለውን ቃል ብቻውን እንዲተረጉምልዎ ይጠይቁት።