የውሃ ሞለኪውሎች ግድግዳ ሲገጥማቸው

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ውሃ የሞላበትን ቀጭን ቱቦ በማይክሮስኮፕ ደረጃ የሚያሳይ የኤምአርአይ ምስል ስመለከት፣ ጠርዙ ከመሀሉ ደምቆ አገኘሁት። በግድግዳው አጠገብ የበለጠ ውሃ አለ ማለት ነውን?

መልስ፦ አይደለም፣ መምህር። የውሃው መጠን እኩል ሆኖ ሳለ ልዩነቱን የሚፈጥረው የሞለኪውሎቹ እንቅስቃሴ ነው። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚገኝ የውሃ ሞለኪውል በ10 ሚሊሰከንድ ውስጥ፣ በአንድ አቅጣጫ ሲለካ፣ በአማካይ ወደ 7 ማይክሮሜትር ገደማ ይርቃል። ለሆስፒታል ምስል ይህ ከቁም ነገር አይገባም፤ ጥቂት ማይክሮሜትሮችን ለመለየት በሚሞክር ምስል ግን ዋናው ጉዳይ እርሱ ነው። ምስሉ የሚገኘው ግራዲየንት በሚባል፣ ጥንካሬው ከቦታ ቦታ በሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ ስለሆነ፣ በመሀል ያሉ ሞለኪውሎች በነጻነት ሲንከራተቱ የፕሮቶኖቻቸው (የሃይድሮጂን አተሞቻቸው እምብርት) ዙረት እርስ በርሱ ይዛነፋል፣ ምስሉ የሚሠራበት ምልክትም ይደክማል። በግድግዳው አጠገብ ያሉት ግን ወደ አንድ ወገን መሄድ ስለማይችሉና ተመልሰው ስለሚነጥሩ ዝንፈታቸው ያንሳል፤ ስለዚህ ጠርዙ ይደምቃል። ድምቀቱ የሚታየው ግራዲየንቱ ግድግዳውን ቀጥ ብሎ በሚያቋርጥበት ወገን መሆኑን ልብ ይበሉ፤ አቅጣጫው ሲቀየር የደመቀው ጠርዝም ይቀየራልና መንስኤውን ለማረጋገጥ ከዚህ የተሻለ ፈተና ያለ አይመስለኝም።

ግራዲየንቱን አጠንክሮ ምልክቱ የሚለካበትን ጊዜ ማሳጠር ይህን ተጽዕኖ ይቀንሰዋል። ይሁንና እንደ ዳጉሳ አገዳ ያለ ተክል ሲመረመር፣ የደመቀው መስመር ውሃውን የሚያግድ ግድግዳ የት እንዳለ ስለሚጠቁም፣ እንደ እንከን ብቻ ባይቆጠር እመርጣለሁ።