ስለ መልህቋም ጠይቁ፦ የመርከብ ታሪክ ለሚወዱ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ከእናንተ አንዱ «የጀርመን የመድፍ ጀልባዎች (መድፍ የጫኑ ትናንሽ የጦር መርከቦች) ማዕበሉ ሲመጣ እያዩ ከሳሞዋዋ አፒያ ወደብ ለምን አልወጡም?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ጥያቄ ለዓመታት «ትዕቢት ነው» እያልኩ በአንድ ቃል ስዘጋው ኖሬያለሁ፤ ይቆጨኛል።

ጊዜው እ.ኤ.አ. ማርች 1889 ነው። ጀርመን፣ አሜሪካና እንግሊዝ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች በሳሞዋ ተፋጠው፣ ሰባት የጦር መርከቦች በጠባቧ ወደብ ተጨናንቀዋል። ወደቧ በሰሜን በኩል ክፍት ናት፤ ግራ ቀኟ የኮራል ድንጋይ ነው። የአየር ግፊት መለኪያው ባሮሜትር ወረደ፣ ማዕበል መምጣቱን አሳወቀ፤ ቀድሞ የወጣ ግን ደሴቱን ለባላንጣው እንደለቀቀ ይቆጠርበታል። ትዕቢቱ ይህ ነው።

የቀረው የሞተር ነገር ነው። ነፋስ ከባሕሩ በኩል ሲመታ መልህቅ ብቻውን አያቆምም፤ ሞተሩን ወደፊት እያስኬዱ የሰንሰለቱን ውጥረት ማላላት ያስፈልጋል። የመድፍ ጀልባ ደግሞ ከሰል እንድትቆጥብ፣ ረጅሙን መንገድ በሸራ እንድትሄድ የተሠራች ናትና ሞተሯ አቅም የለውም። ሸራው ተጠቅልሎ እንኳ ምሰሶውና ገመዱ ነፋስ ይይዛሉ። ሞተሩ ሲሸነፍ ሸክሙ ሁሉ በሰንሰለቱ ላይ ያርፋል፤ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፣ ወይም መልህቁ ይጎተታል።

ማርች 16 ቀን ከጀርመኖቹ መርከቦች «ኤበር» ከኮራሉ ጋር ተላትማ 73 ሰዎቿ አለቁ። «አድለር»ን ሞገዱ አንስቶ ኮራሉ ላይ በጎኗ አጋደማት፤ 20 ሞቱባት። ከሁለቱ የምትበልጠው «ኦልጋ» ዳርቻው ላይ ወጥታ ተረፈች። የእንግሊዟ «ካሊዮፒ» ግን ጠንካራ ሞተር ነበራትና ሙሉ እንፋሎት ለቃ፣ ፍጥነቷ አንድ ኖት (በሰዓት ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ) እንኳ ሳይሞላ፣ በወደቡ አፍ ወጣች። ከሦስት ወር በፊት በዚያው በሳሞዋ፣ ቫይሌሌ ላይ ጀርመኖችን የተዋጉት የሳሞዋው አለቃ የማታአፋ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሞገዱ ውስጥ ገቡና የሚሰምጡትን ባሕርተኞች አወጡ። ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ ኖሮ ኃጢአት ይሆንብኝ ነበር።

ዛሬ ልጆች የመድፉን አፍ ስፋት ከስልካችሁ ሸምድዳችሁ መርከቧን ያወቃችኋት ይመስላችኋል። ቁጥር አትያዙ ማለቴ አይደለም፤ እኔም ስቆጥር ነው የዋልኩት። ግን ሆዷንም እዩ። በሩቅ ባሕር መጠገኛ ስለማይገኝ የብዙዎቹ ሆድ በመዳብ ይለበጥ ነበር፤ መዳብ መርከብ ላይ የሚጣበቁ ባለ ቅርፊት የባሕር ፍጥረታትንና አልጌን አያስጠጋም። መዳብና ብረት ጨው ውሃ ውስጥ ከተነካኩ ግን ብረቱ ይበላል። ስለዚህ በብረት አጥንቷ ላይ እንጨት ይለብሳል፣ መዳቡ ከእንጨቱ ላይ ይመታል።

የመድፍ ጀልባዎቹን የአገልግሎት ታሪክ ስታነቡም ከባንዲራው በኋላ ያለውን ገጽ ግለጡ። የጀርመኗ «ሜቨ» የመንግሥቱን መልእክተኛ ናህቲጋልን ይዛ በጁላይ 1884 ቶጎና ካሜሩን ላይ ባንዲራ ስላሰቀለች ሁሉም ያውቃታል። «ኢልቲስ»ን ግን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ከአፒያ ሰባት ዓመት በኋላ፣ ጁላይ 23 ቀን 1896፣ በቻይና ሻንዶንግ ጠረፍ ታይፉን ድንጋይ ላይ ጣላት፤ 71 ሰዎች ሞቱ። መጀመሪያ የእሷን ታሪክ ፈልጉ።