ዲስኩ ይቀየር ወይስ ማጫወቻው?

ጥያቄ፦ ባለፉት ዓመታት የሰበሰብኳቸው ብዙ የፊልም ዲቪዲዎች አሉኝ። ባለ 55 ኢንች ፎር ኬ ቴሌቪዥን ከገዛሁ ወዲህ ግን ምስላቸው ደብዝዞ ይታየኛል። ሁሉንም ከዲቪዲ የበለጠ ጥራት ባለው ዲስክ፣ በብሉ ሬይ ልተካ? ወይስ በቀጥታ ወደ ፎር ኬ ብሉ ሬይ ልለፍ?

መልስ፦ ዲስኮቹን ለጊዜው ይተዉአቸው። መጀመሪያ መቀየር ያለበት ማጫወቻው ነው። የብሉ ሬይ ማጫወቻ ዲቪዲም ያጫውታል፤ የፎር ኬው ደግሞ ሦስቱንም። የዲቪዲ ማጫወቻ ግን ብሉ ሬይ ማንበብ አይችልም፤ 650 ናኖሜትር የሆነው ቀይ ጨረሩ በ405 ናኖሜትር ጨረር እንዲነበቡ ለተሠሩት ጥቃቅን ምልክቶች ይሰፋባቸዋል።

ምስሉ የደበዘዘው ቴሌቪዥኑ ተበላሽቶ አይደለም። በፓል (በአውሮፓና በሌሎች ብዙ አገሮች በተለመደው የቴሌቪዥን ሥርዓት) የተሠራ ዲቪዲ 720 በ576 ነጥብ ብቻ ይዟል፤ የእርስዎ ስክሪን 3840 በ2160 ነው፣ ማለትም 20 እጥፍ። የጎደለውን ቴሌቪዥኑ በግምት ይሞላዋል። ማጫወቻዎ በቢጫ፣ ቀይና ነጭ ገመድ ከተያያዘ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ በኤችዲኤምአይ ይለውጡት። ቀጥሎ የቴሌቪዥኑን «ሻርፕነስ» (የምስል ጥርት ማስተካከያ) ዝቅ ያድርጉ። ከፍ ሲል ዝርዝር አይጨምርም፤ የጠርዞችን ጉድለት ብቻ ያጎላል።

ከዚያ በኋላ መርጠው ይግዙ። በ35 ሚሊሜትር የሲኒማ ፊልም የተቀረጹና የጨለማ ትዕይንት የሚበዛባቸው ፊልሞች በብሉ ሬይ ሌላ ፊልም ይመስላሉ። ዲቪዲ በሰከንድ 10 ሜጋቢት አካባቢ መረጃ ሲያስተናግድ ብሉ ሬይ ለምስሉ ብቻ እስከ 40 ይሰጣል፤ በጥቁሩ ውስጥ የሚታዩት አራት ማዕዘን ቁርጥራጮችም የሚጠፉት ለዚህ ነው። በድሮ ቪዲዮ ካሜራ የተቀረጸ ድራማ ግን ከመነሻው ዝርዝር ስለሌለው ብሉ ሬዩ ብዙም አይጨምርለትም። ዲቪዲዎ ይበቃል።

ስለ ፎር ኬው፦ 3 ሜትር ርቀው ከተቀመጡ የነጥቦቹን ብዛት ከተራው ብሉ ሬይ ለመለየት ይቸገራሉ። ልዩነቱ የሚታየው በኤችዲአር፣ ማለትም በብርሃንና በቀለም ስፋት ነው፤ ለዚያም ቴሌቪዥኑ ደማቅ መሆን አለበት። በርካሽ የሚሸጥ «ኤችዲ ዲቪዲ» (የብሉ ሬይ ተፎካካሪ የነበረ ዲስክ) ካጋጠመዎት ይለፉት። አምራቹ ቶሺባ ይህን የዲስክ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2008 ትቶታል፤ የተለመደ የብሉ ሬይ ማጫወቻም አይቀበለውም።

ጥያቄ፦ ከውጭ የመጣልኝ ብሉ ሬይ «ክልሉ አይፈቅድም» እያለ እምቢ አለኝ። ዲስኩ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ዲስኩ ደህና ነው። ዲቪዲዎች ከ1 እስከ 6፣ ብሉ ሬይ ደግሞ ኤ፣ ቢ እና ሲ በሚባሉ ክልሎች (የዓለም ክፍሎች) ይቆለፋሉ፤ ከማጫወቻው ጋር ካልገጠመ አይከፈትም። ከመግዛትዎ በፊት የሽፋኑን ጀርባ ይመልከቱ። ፎር ኬ ብሉ ሬይ የክልል ቁልፍ የለውም። ነገር ግን የፎር ኬው ማጫወቻ ዲቪዲና ተራ ብሉ ሬይ ሲገባለት ክልሉን ይጠይቃል፤ ፎር ኬና ተራ ብሉ ሬይ አብሮ የያዘ ጥቅል ሲገዙ አንዱ ሠርቶ ሌላው ሊያስቸግርዎ ይችላል።

ጥያቄ፦ የተጫረ ዲስክ በጥርስ ሳሙና ማሸት ይሠራል?

መልስ፦ ለዲቪዲ አንዳንዴ ሊሠራ ይችላል። መረጃው ከገጹ 0.6 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ ስለሆነ ላዩ ትንሽ ቢፋቅ ይችለዋል። ብሉ ሬይን ግን በፍጹም አይሹት፤ መረጃው 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ጠልቆ ነው ያለው፣ የሚጠብቀውም ላዩ ላይ የተቀባው ስስ ጠንካራ ሽፋን ነው። ለስላሳ ጨርቅ በውሃ ነክተው ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርገው ይጥረጉት። ክብ እየዞሩ መጥረግ የመረጃውን መስመር ተከትሎ ስለሚጭር ማጫወቻው ስህተቱን ማረም ያቅተዋል።