ለኤሊሽ ቤት፦ እንጨት ወይስ መስታወት?
እህቴ፣ ሄርማን ለተባለው የየብስ ኤሊ ዝርያ ለሆነው ኤሊሽ ሳሎን ውስጥ የሚቀመጥ ቤት ከኮምፔርሳቶ ልሥራ ወይስ የመስታወት ሳጥን ልግዛ ብለሽ ነበር። በእንጨት ሥሪው! ኤሊ መስታወት አይገባውም፤ ልውጣ እያለ ሲገፋ ይውላል። ቢያንስ 120 በ60 ሴንቲ ይሁን። ላዩ ክፍት ይሁን። ወለሉን ወፍራም ላስቲክ አልብሺው። እኔ ይህን ዘልዬው እንጨቱ በእርጥበት በሰበሰብኝ። አፈርና አሸዋ ቀላቅለሽ 10 ሴንቲ ያህል ሙይበት፤ መቆፈር ይወዳሉ።

ዋናው መብራቱ ነው። የሚያሞቀውን አምፖል በአንድ ጫፍ ብቻ ስቀዪው፤ ከሥሩ 35 ዲግሪ ገደማ ይሁን፣ ሌላው ጫፍ ቀዝቀዝ ይበል። የዩቪቢ አምፖል (እንደ ፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የሚሰጠው) ደግሞ አደራ! ያለ እሱ ካልሲየሙን በደንብ መጠቀም አይችልም፣ ቅርፊቱም ይለሰልሳል። በተዘጋ መስኮት የሚገባ ፀሐይ አይተካውም፤ መስታወቱ ጨረሩን ያስቀረዋል።